ታክሲው ማታ የት ይገባል? ከጋቢና የወጣ ሹክሹክታ

ስሜንና የጎን ቁጥሬን አትጠይቁኝ እንጂ ሌላውን ሁሉ እነግራችኋለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በሚኒባስ ታክሲ ላይ መጀመሪያ በር ይዤ፣ ኋላም መሪ ጨብጬ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ሜክሲኮ፣ መገናኛ፣ ፒያሳ፣ ጦር ኃይሎች፣ ሳሪስ፤ ተራ ያልጠበቅሁበት ቦታ የለም ብል አላጋነንኩም። ማታ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከቢሮ ወጥታችሁ የሰልፉን ጭራ ስትፈልጉ የምትባባሉትንም ከመስኮቴ እሰማለሁ። «ቀን መንገዱን ሞልቶት የሚውለው ታክሲ አሁን የት ገባ?»

ግምታችሁንም አውቀዋለሁ። አንዱ ነዳጅ ሰልፍ ላይ ነው ይላል፤ ሌላው ኮንትራት ሄዷል ይላል፤ ሦስተኛው ሹፌሩ ጫት ላይ ተቀምጧል ይላል። ሁሉም ትንሽ ትንሽ እውነት አለው። ዋናው ምክንያት ግን ሹፌር ለሹፌር የሚያወራው እንጂ ለተሳፋሪ የሚነገር አይደለም። ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ ሰው የሚበዛበት ሰዓት ለእኛ ገንዘብ የሚበዛበት ሰዓት አይደለም። እንዲያውም ሰልፉ በረዘመ ቁጥር ሹፌሩ በሰዓት የሚያገኘው ያንሳል።

«እንዴት ሆኖ?» ካላችሁ ከገቢው እንጀምር።

የቀን ገቢ

ብዙ ተሳፋሪ መኪናው የሹፌሩ ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ባለንብረቱ ሌላ ሰው ነው፤ ሹፌሩ ተነጋግረው የቆረጡትን ገንዘብ በየቀኑ ያስገባለታል። ይህን «ገቢ» እንለዋለን። ዝናብ ቢጥል፣ መንገድ ቢዘጋ፣ ባለሥልጣን ሊያልፍ ነው ተብለን ግማሽ ሰዓት ብንቆም ገቢው ያው ነው። ነዳጁ ከሹፌሩ ኪስ ነው። የረዳቱ የቀን ክፍያ፣ የተራ አስከባሪው ድርሻ፣ የትራፊክ ቅጣቱ፣ ቁርስና ምሳው ሁሉ ከዚያው ይወጣል። ባለንብረቱ በበኩሉ ጎማውን፣ ጥገናውንና የዓመት ቦሎውን ይችላል፤ የባንክ ብድር ወይም የዕቁብ ዕዳ አንገቱ ላይ የታሰረበትም ብዙ ነው። ስለዚህ እሱን ብቻ ጨካኝ አድርጎ መሳል አያስኬድም።

እንግዲህ ሹፌሩ ጠዋት ሞተር ሲያስነሳ የሚያስበው ገቢውን በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ነው። አንዳንድ ቀን 8 ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ 12 ሰዓት ሆኖም አይዘጋም። ከዚያ የተረፈው ነው ለእሱና ለልጆቹ የሚሆነው። መንገድ ላይ የምታዩት ጥድፊያ፣ ከሌላ ታክሲ ጋር መቀዳደም፣ ፌርማታ ላይ በቅጡ ሳይቆሙ «ቶሎ ቶሎ ውረዱ» ማለት፣ ሥሩ ይኸው የተቆረጠ ገንዘብ ነው። ደመወዝተኛ ብሆን ማን ያስሮጠኛል?

አንድ ቢያጆ ሙሉ፣ አንድ ቢያጆ ባዶ

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከከተማው ዳር እንነሳ። ከየካ አባዶ፣ ከአራብሳ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከጀሞ ኮንዶሚኒየም የሚወጣው ሰው ሁሉ ፊቱ ወደ መሃል ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚገባው 2 ሰዓት ተኩል ነው፤ ተማሪውም በዚያው ሰዓት ግድም ይገባል፤ ስለዚህ ከተማው በአንድ ጊዜ ከቤቱ ይወጣል። መኪናው ባፍታ ይሞላል። መሃል አራግፎ ሲመለስስ ማን ይሳፈራል? በዚያ ሰዓት ከመገናኛ ወደ አራብሳ የሚሄድ ሰው በጣት ይቆጠራል። ማታ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። አንዱን ቢያጆ ሞልተን፣ አንዱን ባዶ እንነዳለን።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው፤ ቁጥሩን ለምሳሌ ያህል ያዙት። የመስመሩ ታሪፍ 30 ብር ይሁን፤ መኪናው 12 ሰው ይጫን። ሲሞላ 360 ብር ነው። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ይህ መንገድ 35 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። ሲሄድም ሲመለስም ግማሽ ግማሽ ሰው ቢያገኝ፣ ደርሶ መልሱ በ70 ደቂቃ 360 ብር ያመጣል። ማታ 12 ሰዓት ላይ ግን ያው መንገድ ተጨናንቆ 75 ደቂቃ ይወስዳል፤ ሲመለስ ባዶውን 45 ደቂቃ። ያው 360 ብር፣ ግን በሁለት ሰዓት። በዚያ ላይ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እየተንፏቀቀ የሚበላው ነዳጅ አለ፤ ፍሪሲዮኑም እየተቃጠለ ነው።

እናንተ ከሰልፉ ሆናችሁ ሁለት መቶ ሰው ስታዩ «ይህ ሁሉ ገንዘብ እዚህ ቆሞ ሹፌሩ እንዴት አይመጣም?» ትላላችሁ። ሹፌሩ ግን ከሁለት መቶው ሰው የሚጭነው አሥራ ሁለቱን ነው። የሰልፉ ርዝመት ለእሱ የሚነግረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መንገዱ ተዘግቷል።

ሦስቱ መውጫዎች

ሹፌሩ ከዚህ ሒሳብ የሚያመልጥበት ሦስት መንገድ አለው። ሦስቱንም ታውቋቸዋላችሁ፤ ስማቸውን እንጂ ምክንያታቸውን አልተነገራችሁም።

የመጀመሪያው መቁረጥ ነው። ታፔላው «ሜክሲኮ–ጀሞ» ይላል፤ ረዳቱ ግን «ሳርቤት! ሳርቤት!» እያለ ይጣራል። ሳርቤት ያወርዳችሁና እዚያው በዚያው «ጀሞ! ጀሞ! የሞላ!» ይላል። ታሪፉ በርቀት ስለተደለደለ አጭሩ መንገድ በኪሎ ሜትር ሲሰላ ውድ ነው። ሙሉው 30 ብር ከሆነ ግማሹ 15 ሳይሆን 20 ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ጊዜ ሲቆረጥ 40 ሆነ ማለት ነው። የባዶውን መልስ ሒሳብ የከፈላችሁት በዚህች 10 ብር ነው። ስምሪት ተቆጣጣሪ ብቅ ካለ ደግሞ ረዳቱ መልስ አያጣም። «መኪናው ተበላሽቶ ነው»፣ «ነዳጅ ልንቀዳ ነው»።

ሁለተኛው ትርፍ መጫን ነው። በአንድ ወንበር አራት ሰው፣ ሞተር ላይ ሁለት፣ በሩ ሥር አንድ ጎንበስ ያለ። «ማዘር፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝማ፤ ሁላችንም ቤታችን እንግባ» የሚለው ልመና ከነዳጁ ዋጋ ጋር ነው የሚሰላው። ከፊት ትራፊክ ፖሊስ ካለ ከተቃራኒ አቅጣጫ የሚመጣው ሹፌር መብራት ያበራልናል ወይም በእጁ ምልክት ይሰጠናል፤ ረዳቱም ያን ጊዜ ነው «ጎንበስ በሉ» የሚላችሁ። የማንተዋወቅ ሹፌሮች እንኳ በዚህ አንካካድም።

ሦስተኛው መሰወር ነው፤ እናንተን የሚያስመርራችሁም ይኸኛው ነው። ከመጨናነቁ በፊት ገቢውን የዘጋ ሹፌር ጥግ ይዞ ያቆማል። ወይም ነገ ማለዳ ሊሰለፍበት የነበረውን ማደያ ዛሬ ማታ ይሰለፍበታል፤ ሰዓቱ ያው የሞተ ሰዓት ነውና። ምሽት 2 ሰዓት ሲሆን መንገዱ ይከፈታል፤ ተቆጣጣሪውም ይበተናል፤ ታክሲው ያን ጊዜ ይወጣል። ከዚያ ሰዓት በኋላ ታሪፉ ተኝቷል፤ ዋጋው የሚወጣው ከረዳቱ አፍ ነው።

ከሁሉ በላይ ዓይናችሁ እያየ የማታዩት ግን ሰርቪሱ ነው። ጠዋትና ማታ ሰው በሚሰለፍበት ሰዓት ስንቱ ሚኒባስ ተማሪ ወይም የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ በወር ክፍያ እያመላለሰ መሆኑን ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? አጠገባችሁ በዝግታ የሚያልፈው፣ በመስኮቱ ልጆች የሚታዩበት መኪና እሱ ነው። ለሹፌር ሰርቪስ ማለት ዕረፍት ነው። ተሳፋሪው የታወቀ፣ ክፍያው የታወቀ፣ ባዶ መመለሱም አስቀድሞ በወሩ ዋጋ ውስጥ የታሰበበት። ከተማው በታሪፉ ያልከፈለንን የተማሪ ወላጅ ይከፍለናል፤ እኛም ወደከፈለን እንሄዳለን።

ተራው ላይ ያለው እጅ

ስለ ተራ አስከባሪም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሰልፍ ለማስያዝ ብቻ የቆመ የሚመስላችሁ ሰው ከእያንዳንዱ ጭነት ከሹፌሩ ይቀበላል። በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ናቸው፤ ሥራቸውም ሥራ ነው። ጥሩ ተራ አስከባሪ ባለበት ቦታ አቅመ ደካማና ነፍሰ ጡር ቀድመው ይገባሉ፤ ኪስ አውላቂ አይጠጋም፤ ሹፌርና ሹፌርም አይደባደብም። መጥፎው ባለበት ደግሞ ተራው በትውውቅ ይሄዳል፤ አንዱ መኪና ገብቶ ወዲያው ሲጭን ሌላው ሞተሩን አጥፍቶ ይጠብቃል። ሰልፉ ቆሞ ሳለ ሁለት ባዶ መኪና ፈንጠር ብለው ቆመው ካያችሁ፣ ብዙ ጊዜ ክርክሩ ከእናንተ ጋር አይደለም፤ እዚያው እርስ በርሳቸው ነው።

ዝርዝርም የራሱ ገበያ አለው። ረዳቱ ጠዋት ዝርዝር ካልያዘ ግማሹን መንገድ በጭቅጭቅ ነው የሚጨርሰው። ስለዚህ ሳንቲምና ድፍን ብር የሚለዋወጡ ሰዎች አሉ፤ መቶ ብር ሰጥቶ ከመቶ ያነሰ ዝርዝር ይቀበላል። የጎደለችው ብር ደግሞ «ዝርዝር የለኝም፣ በኋላ እሰጥሃለሁ» በተባለች መልስ ትካካሳለች። መልሳችሁን ሳትወርዱ ጠይቁ፤ ከወረዳችሁ በኋላ ያቺ ብር የዝርዝር ነጋዴው ሆናለች።

ከላይ የመጣው መፍትሔ

ላለፉት ዓመታት በእኛ ላይ ያልተሞከረ ነገር የለም። በ2003 ዓ.ም. የቀጠና ስምሪት መጣ። ከዚያ በፊት ሹፌሩ ደስ ወዳለው ይሄድ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ታፔላ ተለጠፈለት። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ማንም የማይሄድበት መስመር መኪና ያገኛል ተብሎ ነው። ግን ታፔላ መስመሩን ያስራል እንጂ ባዶውን መልስ አይከፍልም፤ ስለዚህ መቁረጥ ተስፋፋ። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ለሕዝብ ትራንስፖርት ብቻ ተለይቶ በቴሌብር መከፈል ጀመረ። እሱም አቅልሎልን ነበር፤ ነገር ግን ድጎማው በየጊዜው እየተቀነሰ መጣ፤ ማደያው ላይ የምናጠፋውን ሰዓት ደግሞ የደጎመልን የለም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲከለከል የኤሌክትሪክ ሚኒባስ መንገድ ላይ እየበዛ መጣ። የእሱ ሹፌሮች ሲያወሩ እሰማለሁ፤ ባዶ መመለስ ረከሰልን ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ሆኖም መንገድ ላይ ተቀርቅሮ የሚያልፈውን ሰዓት ባትሪ አይመልሰውም።

ባቡሩስ? መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አብዛኞቻችን እንጀራችን ተነካ ብለን ነበር። ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ፣ ሁለት መስመር፣ 41 ባቡር። ባቡር ባዶ መመለስን አይፈራም፤ ገቢ አይቆረጥበትም። ለዚህ ሥራ የተፈጠረ መጓጓዣ ማለት ይህ ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ፤ የቀሩትም ጢም ብለው እየተጫኑ፣ ቶሎ ቶሎ የማይመጡ ሆኑ። አጥሩ ግን ቀረ። በሐዲዱ ግራና ቀኝ የቆመው አጥር ታክሲው እንደ ልቡ እንዳይዞር ስላደረገው፣ ከመገናኛ ወደ አያት ባለው መንገድ ለመመለስ ብቻ ረጅም መንገድ የምንነዳበት ቦታ አለ። ያም በባዶው መልስ ላይ ይደመራል።

እሱን ትተን ሰዉን እንቁጠር። ከተማዋ ለመጨረሻ ጊዜ የተቆጠረችው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ 2.7 ሚሊዮን ሰው ነበራት። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ የለም፤ ኮንዶሚኒየሙ ግን ወደ ዳር መሠራቱን አላቆመም። የቤት ዕጣ የወጣለት ሰው ደስ ብሎት ቁልፉን ተቀበለ፤ በማግስቱ ወደ እኔ ሰልፍ መጣ። ፒያሳና ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲነሱ ከዚያ የወጣው ሰውም እንደዚሁ። ካዛንቺስ ሳለ በእግሩ ሥራው ይደርስ የነበረ ሰው ዳር ወዳለው ገላን ጉራ ሲገባ የታክሲ ተሳፋሪ ሆነ። አዲስ አበባ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጉዞ በእግር የሚደረግ ነው። እግረኛው ወደ ዳር በወጣ ቁጥር ያ እግር ወደ ጎማ ይለወጣል፤ ጎማው ደግሞ ጠዋት በአንድ አቅጣጫ፣ ማታ በሌላው ብቻ ነው የሚፈለገው።

ከእኛ ከሹፌሮች የማትጠብቁትን ልንገራችሁ። ጠዋትና ማታ በረጅሙ መስመር ላይ መሥራት ያለበት እኔ አይደለሁም፤ አውቶቡሱ ነው። አንበሳ አውቶቡስ ከ1935 ዓ.ም. ጀምሮ ሕዝብ ሲያመላልስ ኖሯል፤ የሚሠራው በድጎማ ነው፤ ሹፌሩ ደመወዝተኛ ነው፤ ባዶ ቢመለስ ልጁ ጦሙን አያድርም። የሸገር አውቶቡስም እንደዚሁ። ችግሩ አውቶቡሱ እኔ በቆምኩበት መጨናነቅ ውስጥ አብሮኝ መቆሙ ነው። ለብቻው የሚሄድበት መስመር ቢታጠርለትና ማንም ባይገባበት፣ አንድ አውቶቡስ በአንድ ማለዳ ብዙ ጊዜ ይመላለስ ነበር። እኛ ደግሞ በኮንዶሚኒየሙ ውስጥና ዙሪያ፣ ሰው በሁለቱም አቅጣጫ በሚንቀሳቀስበት አጭር መንገድ ላይ ብንሠራ ገቢውን በጊዜ እንዘጋለን። ተራ ላይ ሻይ ስንጠጣ ይህን የማይል ሹፌር ጥቂት ነው፤ ስብሰባ ላይ ተነስቶ የሚናገረው ግን የለም። መስመር ይቀሙናል ብለን እንፈራለን።

ለእናንተ የሚጠቅመው

እስከዚያው የሚጠቅማችሁን ልንገራችሁ። ከመሳፈራችሁ በፊት «ቀጥታ ነው?» ብላችሁ ረዳቱን ጮክ ብላችሁ ጠይቁ፤ ሌሎች ተሳፋሪዎች እየሰሙ «አዎ» ካለ በኋላ ሳርቤት ላይ መቁረጥ ይከብደዋል። ታፔላውን ተመልከቱ፤ በታፔላው ላይ ያለውን መዳረሻ አልሄድም ካለ ስድብ አታባክኑ፤ የጎን ቁጥሩን ጻፉ። ሹፌር ጩኸት ለምዷል፤ የጎን ቁጥሩን የሚጽፍ ተሳፋሪ ግን ያስደነግጠዋል፤ ክሱ ባለንብረቱ ጋ ይደርሳልና። ዝርዝር ይዛችሁ ውጡ። ሥራችሁ ከፈቀደ ደግሞ ጠዋት ከዋናው ጎርፍ ቀደም በሉ፤ ከ12 ሰዓት ተኩል በፊትና ከ1 ሰዓት በኋላ ያለው ተራ የአንድ ከተማ አይመስልም።

አንዳንዶቻችሁ የምታደርጉትንም እናውቃለን። ሰልፉ ሲረዝምባችሁ በተቃራኒው አቅጣጫ ተሳፍራችሁ መነሻው ላይ ሳትወርዱ በዚያው መኪና ትመለሳላችሁ፤ ሁለት ጊዜ ከፍላችሁ ማለት ነው። እኛ አንከለክላችሁም፤ ባዶውን መልስ የሞላችሁልን እናንተ ናችሁ። በሰልፉ መሃል ያለው ግን በእናንተ የተነሳ አንድ ወንበር አጥቷል፤ ይህንም ዕወቁት።

አለቆቻችሁንም አንድ ነገር ጠይቁልኝ። መሥሪያ ቤት ሁሉ 2 ሰዓት ተኩል ላይ የሚገባው ለምንድን ነው? ግማሹ 1 ሰዓት ተኩል፣ ግማሹ 3 ሰዓት ተኩል ቢገባ አንድ ተጨማሪ መኪና ሳይገዛ ያው ታክሲ በአንድ ማለዳ ሁለት ጊዜ ይመላለሳል። አገልግሎት መስጫ ቢሮ፣ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ወደ ኮዬና ወደ አራብሳ ቢሄዱ ደግሞ ጠዋት ከመሃል ወደ ዳር የሚሳፈር ሰው ይኖረኛል። ያን ቀን ሳርቤት ላይ መቁረጥ ለምን ያስፈልገኛል?

በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ትራንስፖርት ስብሰባ ሲጠራና ተጨማሪ ይህን ያህል መኪና ገብቷል ሲባል ከማጨብጨባችሁ በፊት እጃችሁን አውጡና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ። መኪናው ሰው አራግፎ ሲመለስ ባዶውን መልስ የሚከፍለው ማነው? መልሱ «ባለንብረቱ» ወይም «ሹፌሩ» ከሆነ አትመኑ፤ ሁለታችንም ዞረን የምናስከፍለው እናንተን ነው። ከተማው በበጀቱ እከፍላለሁ ካለ ግን ያኔ አጨብጭቡ።